ጫልቱን ከትራክተር ያስቀረ ቅንፍ

ባለፈው ሳምንት አዳማ፣ አንድ ጭማቂ ቤት ቁጭ ብዬ ከአቮካዶዬ ጋር በማንኪያ ስታገል፣ አጠገቤ ሁለት ጎረምሶች በሒሳብ ሊደባደቡ ደረሱ። ስድስት ሲደመር አራት ሲካፈል ለሁለት። አንዱ አምስት ነው ይላል፤ ሌላው ስልኩን እያወዛወዘ ስምንት ነው ይላል። ደሜ ፈላ። ነገሩ ከሆነ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ይህች ሒሳብ ግን ዛሬም ታበሳጨኛለች።

በደርግ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረ አንድ የመንግሥት ብርቱካን እርሻ እሠራ ነበር። አዲስ አበባ ጥቂት ወራት ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ ሱሪዬ ከታች ሰፊ፣ ደረቴ ላይ ሦስት እስክሪብቶ፤ የሚጽፈው አንዱ ብቻ። የእርሻውን ብቸኛ ኮምፒውተር የምነካው እኔ ስለነበርኩ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ አንገቴን በቁጠባ ነበር የምነቀንቀው።

ለቀማው ሲያበቃ ኮከብ ሠራተኛ ይመረጣል። የዚያን ዓመት ሽልማቱ የትራክተር ሾፌርነት ሥልጠና ነበር፤ ቦታው አንድ። ጫልቱ የምትባል ለቃሚ ነበረች፤ ትራክተር ባለፈ ቁጥር ሳጥኗን አስቀምጣ ከአቧራው ጋር እስኪጠፋ የምታይ። «ያንን መሪ ሳልይዝ አልሞትም» ትል ነበር።

ሠራተኛው በላይኛውና በታችኛው ማሳ የለቀመው ሳጥን ተደምሮ፣ ለሠራበት ቀን መካፈል ነበረበት። ፕሮግራሙን ጻፍኩ። ስሌቱን በጠረጴዛ ካልኩሌተር ሞከርኩት፤ ልክ መጣ። ካልኩሌተሩ እንደነካሁት ቅደም ተከተል ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ግን ማካፈልን ከመደመር ያስቀድማል። እኔ ሊቁ መደመሩን በቅንፍ አላጠርኩትም። ስለዚህ የታችኛው ማሳ ብቻ ተካፈለ፤ የላይኛው ሳይካፈል እንዳለ ተደመረ። ጫልቱ ደግሞ ወቅቱን ሙሉ አዋሽ ዳር፣ ታችኛው ማሳ ላይ ነበረች።

ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ጠዋት ቢሮዬ ገባች። እጇ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል።

«አንተ፣ እኔ ነኝ ከመጨረሻ ሦስተኛ?»

«ማሽኑ ነው ያወጣው።»

«ማሽኑን የሚያናግረው ማነው? አንተ አይደለህም?»

ስትወጣ በእጄ አሰላሁት። ሁለት ቅንፍ! ጨምሬ እንደገና ባሠራው ጫልቱ አንደኛ ወጣች። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሮጥኩ።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ስህተቱ የእኔ ነው፤ ቅንፍ ረስቼ ነው።»

«ውጤቱ ለበላይ አካል ተልኳል» አለኝ፣ ብርቱካኑን እየላጠ። «አሁን ማሽናችን ተሳሳተ ብለን ልንጽፍልህ ነው? ቅንፍህን ለሚቀጥለው ዓመት አቆየው!»

አቆየው! ሰውዬውን ዛሬም አልማርኩትም። እሱ ምሳ ሲሄድ አዲሱን ዝርዝር በአሮጌው ላይ ለጠፍኩ። ለቃሚዎቹ እልል አሉ። ጫልቱ ስሟን በጣቷ እየነካች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ሥራ አስኪያጁ ከምሳ እንደተመለሰ ቀደደው። እኔን መጋዘን ሳጥን እንድደረድር ላከኝ፤ ሦስቱንም እስክሪብቶ እንደሰካሁ። ወደ ሥልጠናው ሌላ ሰው ሄደ። ጫልቱ ታችኛው ማሳ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ትራክተር ሲያልፍ ቀና ብላ ስታይ አላየኋትም።

«አባባ፣ እስቲ ይዳኙን» አለኝ ጭማቂ ቤቱ ውስጥ ባለስልኩ ጎረምሳ። «ስልኩ ነው የተሳሳተው?»

«ስልኩን ተወው!» ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። «ያለ ቅንፍ የጻፈውን ሰውዬ ጥሩልኝ!»

ሁለቱም ዞረው በሩን አዩ። ሰውዬው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አቮካዶ ይበላ ነበር።