የአማቴ ክርክር ከወፎቹ ጋር

የጭቃ ሹማችን በቅሎ ጠፋች ተብሎ አውጫጭኝ ሲጠራ እኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ሙሽራ የምለውም ለወጉ ያህል ነው። ባሌ ሠርጉ እንዳለቀ ጠመንጃውን አንግቶ ጣሊያንን ሊወጋ ጫካ ገባ፤ እኔ ከእናቱ ጋር ቀረሁ። ያገባሁት አማቴን ነው ብል ብዙም አልዋሸሁ።

ቀያችን ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ቀን ቀን የጣሊያን ነን፤ ሲመሽ የአርበኛ። ጭቃ ሹሙ፣ ማለትም ግብር የሚሰበስብብንና የሚዳኘን ሰውዬ፣ ቀንም ማታም የራሱ ነበር።

አውጫጭኝን ለማያውቅ ልንገር። ከብት ሲሰረቅ ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ይወጣል። ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ ገብስህ ቢረግፍ፣ ላምህ ሳትታለብ ብትውል የራስህ ጉዳይ ነው። ሽማግሌዎች ተመርጠው ራቅ ብለው ከዋርካው ሥር ይቀመጣሉ፤ ሰዉ ተራ በተራ እየሄደ በጆሯቸው ያንሾካሹካል። የማያውቅ አላውቅም ብሎ ይመለሳል። የሚያውቅ ይናገራል፤ እሱም «ወፍ» ይባላል። ወፍ ማን እንደሆነ አይጠየቅም፣ አይገለጥም። ሽማግሌዎቹ መጥተው «ወፍ እንዲህ አለች» ካሉ አለቀ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ድሃው ባለ ጉልበቱን ሳይፈራ እንዲናገር ነው። ችግሩ፣ ባለ ጉልበቱም እንደ ማንም ሰው ማንሾካሾክ ይችላል።

የዚያን ዕለት ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ፊታቸው ከብዶ ነበር። ታላቃቸው፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦

«ሦስት ወፎች አንድ ነገር አሉ» አሉ። «አንቺን ነው፣ እትዬ።»

ወደ አማቴ ነበር የሚያዩት። አማቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን በእኩል እያሳረሰች፣ አረቄ እያወጣች የምትኖር፣ ምላሷ ካረቄዋ የባሰ የሚያቃጥል ሴት ነበረች። ዘወር ብላ ኋላዋን አየች፤ ሌላ እትዬ የቆመች እንደሆነ ብላ።

«በቅሎዋ የጠፋች ዕለት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ቅርጫት ተሸክመሽ በጭቃ ሹሙ ደጅ ስታልፊ ታይተሻል። አንቺ ካለፍሽ በኋላ በቅሎዋ የለችም። እንግዲህ ወይ በቅሎዋን አምጪ፣ ወይ ወዴት ስትሄጂ እንደነበር ተናገሪ። አለዚያ ማሳሽ ለካሳ ይሆናል።»

ቅርጫቱን የሞላሁት እኔ ነኛ! በሶና ድርቆሽ ነበር፤ ለባሌ። እሱ የተደበቀበትን ገደል የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ከሰዉ መካከል ደግሞ ወሬ ወደ ጣሊያን ምሽግ የሚያመላልስ ጆሮ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እውነቱን ከተናገረች ማሳዋ ይተርፋል፣ ልጇ ይሞታል። ዝም ካለች ልጇ ይተርፋል፣ እኛ ለማኝ እንሆናለን።

አማቴ በሙግት ጊዜ እንደሚደረገው ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

«አባቶቼ፣ የት እንደሄድኩ አልናገርም።»

ሜዳው ጉም ጉም አለ።

«አልናገርም! የጠፋው በቅሎ ነው እንጂ የኔ እግር አይደለም። ሌባ ነሽ ያለኝ ሰው ያስረዳ። አለመስረቄን እኔ ላስረዳ ከሆነ እናንተም ሁላችሁ አለመስረቃችሁን አስረዱ፤ ከዚያ ዳኛ ከየት እንደምናመጣ እናያለን።»

«አፍሽን ያዥ፣ አንቺ ሴትዮ!» አለ ጭቃ ሹሙ ከበርጩማው ላይ። «አንቺ አለፍሽ፣ በቅሎዬ ጠፋች። ምን ቀረ?»

«ካለፍኩ በኋላ ፀሐይም ወጥታለች፣ ጌታው። እሷንም እኔ ነኝ ያወጣኋት?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ጭቃ ሹሙ ግን ዝግጁ ነበር፦ «ሦስት ባል የፈታች ሴት በቅሎ መፍታት ያቅታታል?» ይህም አሳቀ። ሰው መቼም የሚስቅበት ካገኘ የማንም ወገን አይደለም።

«ሁለቱን ነው የፈታሁት» አለች አማቴ ሳትቆጣ። «ሦስተኛውን ቀብሬዋለሁ፤ እርስዎም ንፍሮዬን በልተዋል። ደግሞ ባሎቼን ብንቆጥር በቅሎዋ ትመጣለች? ከመጣችስ እንቁጠራቸው።»

ከብዙ ዓመት በኋላ ፊደል በራሴ ቆጥሬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ስጀምር፣ ስለ አመክንዮ የሚያወራ መጽሐፍ እጄ ገባ። ቀድሞ የሆነን ነገር ለኋለኛው ምክንያት ማድረግ፣ ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን መስደብ፣ የማስረዳትን ሸክም በተከሳሽ ላይ መጫን፣ ለእያንዳንዱ ስሕተት ምዕራፍና ስም ሰጥቶታል። ብቻዬን ስስቅ ልጆቼ ያበድኩ መስሏቸው ነበር። እኛ ቀዬ እነዚያ ሁሉ ተጠቃለው አንድ ስም ነበራቸው፤ አውጫጭኝ።

አማቴ መጽሐፉን ሳታይ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«ወፎቹ እነማን እንደሆኑ አልጠይቅም። ወጉን አላፈርስም። ግን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ ስወስድ በዓይናቸው አይተዋል ወይስ ሰምተዋል? ከሰሙስ ከማን?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሲመካከሩ ቆይተው የሚከለክል ወግ አጡለት። ስለዚህ ሕዝቡ በሙሉ እንደገና ተሰልፎ በዋርካው ሥር አለፈ። ፀሐይዋ አናት አናታችንን ትለናለች፤ ሰዉ ጭቃ ሹሙን ትቶ አማቴን ይራገማል። «የኔ ላም ጡቷ ሊፈነዳ ነው፣ አንቺ ወፍ ትለቅሚያለሽ!» አለቻት ጎረቤታችን።

«የኔ ማሳ ከሚሄድ ያንቺ ላም ትፈንዳ» አለች አማቴ።

አዛውንቱ ተመለሱ፤ አሁን የሚያዩት መሬት መሬቱን ነበር።

«ስትወስጂ ያየ የለም። ሦስቱም ሰማን ነው የሚሉት። አንደኛዋ ከሁለተኛዋ ሰማሁ አለች፤ ሁለተኛዋ ከሦስተኛዋ።»

«ሦስተኛዋስ?»

አዛውንቱ ሳላቸው። «ሦስተኛዋ … ከባለ በቅሎው ቤት ሰማሁ ትላለች።»

«እንግዲህ ሦስት ወፍ የለም» አለች አማቴ። «አንዲት ወፍ ናት፣ ቅርንጫፍ እየቀያየረች የምትጮኸው። ጎጆዋም ከጌታው ጣራ ሥር ነው። በዚያ ደጅ ማለፌ እውነት ነው፤ አልካድኩም። አላፊ ሁሉ ወሳጅ ከሆነ ግን ወደ ማርቆስ ገበያ የወረደ ሁሉ ሌባ ነው።»

እዚህ ላይ ጭቃ ሹሙ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በዚሁ ያበቃ ነበር። ግን ሰዉ እንዲያዝንለት ፈልጎ ደረቱን እየደቃ ተነሣ፦

«በቅሎዋ ብቻ መሰለቻችሁ? ኮርቻዋ! ግላሷ! በብር የተለበጠው ልጓሟ! ሁሉም ሄደብኝ እኮ!»

አማቴ ለእንግዳ አረቄ ስትቀዳ በምትናገርበት ለስላሳ ድምፅ፦

«ኧረ ወይኔ! ኮርቻው የት ነበር የሚቀመጠው፣ ጌታው?»

«የት ይቀመጣል? ከመኝታዬ ራስጌ ግድግዳው ላይ ነዋ! እንደ እናንተ ውጭ የምጥል መሰለሽ?»

«በሩስ?»

«በሬ ከውስጥ ይቀረቀራል! በገዛ እጄ ነው የምቀረቅረው!»

ከዚያ ራሱም የተናገረውን ሰማው መሰለኝ፣ ወደ በርጩማው ተመለሰ።

«ስሙልኝ እንግዲህ» አለች አማቴ። «ከውስጥ በተቀረቀረ በር ገብቼ፣ ጌታው በተኙበት ራስጌ ቆሜ፣ ኮርቻና ልጓም አውርጄ፣ ቅርጫቴን እንደተሸከምኩ ወጣሁ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን እሳቸውም አልነቁ፣ እመቤቲቱም አልነቁ። በወጣትነቴ ቢሆን ወንድ መኝታ ድረስ ገብቼ ሳይነቃ መውጣቴ ያንገበግበኝ ነበር!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ፊታቸውን በጭራቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ላሟ ሊፈነዳባት የነበረችው ጎረቤታችን ሣሩ ላይ ተንከባለለች።

እኔ አላስችል አለኝ። ጭቃ ሹሙ ካባ ለመሸለም ጣሊያኖቹን ደጅ እንደሚጠና አገር ያወራል። ወደ አማቴ ጆሮ ጠጋ አልኩ። «እማ፣ ራሱ ነው! ለጣሊያኑ ሰጥቷት፣ አርበኞቹን ሲፈራ ተሰረቀች አለ!»

ክንዴን እስኪበልዝ ቆነጠጠችኝ። «ኮርቻው የወጣው በቤቱ ሰው እጅ ነው፤ እስከዚህ ደርሰናል። ለማን እንደሄደ አይተሻል?»

«አላየሁም፣ ግን …»

«እንግዲያው ዝም በይ። አንቺ ደግሞ አራተኛዋ ወፍ ልትሆኚብኝ ነው?»

ሽማግሌዎቹ «ሌባው አልታወቀም» አሉ። ወጉ እስኪታወቅ ድረስ እዚያው ያቆየን ነበር፤ ጭቃ ሹሙ ግን ልቡ በድንገት ለገብሳችን ራራ። «ሂዱ፣ ሂዱ፣ እኔ ትቼዋለሁ» አለ። ማሳችን ተረፈ፤ የባሌንም ገደል ማንም አልጠየቀ።

በሚቀጥለው ገበያ ደብረ ማርቆስ ወርደን ጌሾ ስንገዛ፣ አንድ ወፍራም የጣሊያን ሹም መንገዱን ሞልቶ መጣ። ከሥሩ በቅሎዋ፤ ኮርቻዋ፣ ግላሷ፣ በብር የተለበጠው ልጓሟ ሳይቀር። አየችን፤ እንደማታውቀን ፊቷን አዞረች።

«አሁንስ፣ እማ?»

«አሁን አየሽ» አለች ጌሾውን እያገላበጠች። «መሰጠቷን ግን ገና አላየሽም፤ ሸጧት ይሆናል።»

ጭቃ ሹሙ አዲስ ካባ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣም ያንኑ ጥያቄ ደገምኩላት። ካባውን ከላይ እስከ ታች ካየች በኋላ ነው «እሺ፣ በይ አሁን አምኛለሁ» ያለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ ቅርጫቱን ሞልቼ ሰጠኋት፤ በዚያችው መንገድ፣ በዚያው ደጅ አለፈች። እኔ ከአጥራችን ሥር ቆሜ አያለሁ። ጭቃ ሹሙ ካባውን ደርቦ በራፉ ላይ ቆሟል።

«እንደምን አደሩ፣ ጌታው።»

«እግዜር ይመስገን። ወዴት ነው በማለዳ?»

«ወደ ማሳዬ።»

ማሳችን በሌላ በኩል ነው፤ እሱም አሳምሮ ያውቃል። ቅርጫቱን አየ፤ አፉን ከፈተ። ስለ መንገድ ከጠየቀ ስለ ኮርቻ እንደምትጠይቀው ትዝ አለው መሰለኝ፣ መልሶ ገጠመውና ሰማዩን ማየት ጀመረ።