ድልድዩ ላይ የምትጠፋው ሞተር

ዜናውን ስሰማ የቀርከሃ ቡቃያ እየላጥሁ ነበር። ዓሣ ሻጩ ጎረቤታችን ጉ-ሎንግ ዝናብ የሚያንጠባጥበውን ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«እቴ፣ ምድጃውን አጥፊው» አለኝ።

አጠፋሁት። «ቦክ-ሲን ነው?»

«አዎ። ድልድዩ ላይ ሞተሯ ጠፍታበት፣ ጎንበስ ብሎ ሲያያት የጠጠር መኪና መጣ።»

የጀመርሁትን ቡቃያ ልጬ ጨረስሁ። ለምን እንደጨረስሁት አላውቅም።

መኪናው ሞተሯን አልነካትም፤ የድልድዩን ብረት ተጠግታ ቆማ ነበር። በእጁ የተገኘው የካንዴላ መፍቻ ነው አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላልሁትም።

ባሌ ቦክ-ሲን በወደባችን ያረጁ ሞተሮችን እያስነሳ የኖረ ሰው ነው። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ስለሆነ፣ ከኋላ ስቀቅል ከፊት የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። አልነሳ ያለች ሞተር ስትመጣለት መጀመሪያ ሆዷን ያያል፣ ቀጥሎ እሳቷን፣ በመጨረሻ ትንፋሿን። ሆዷ የቤንዚን ታንኩ ነው፤ እሳቷ ካንዴላው፤ ትንፋሿ ፒስተኑ የሚያምቀው አየር። ባለቤቱ በሽታዋን ነግሮት እንኳ ቢመጣ ታንኩን ሳይከፍት ሌላ ነገር አይነካም። ይህን ሲያዛንፍ አይቼው አላውቅም።

አንድ ቀን ስኩዊድ አጥማጁ ጊም ሞተሩን እየገፋ በላብ ተጠምቆ መጣ።

«ቦክ-ሲን፣ በቅሎዬ ሞተችብኝ!»

«ማን ገደላት?»

«እኔ እንጃ! ካንዴላ ቀየርሁላት፣ ባትሪ ቀየርሁላት፣ የባሕር እናት ማሶ መቅደስ ድረስ ገፍቼ ስለት ተሳልሁላት።»

ቦክ-ሲን ክዳኑን ከፈተና ጆሮውን ታንኩ ላይ ደግኖ ወዘወዛት።

«ራትስ አብልተሃታል?»

ታንኩ ደረቅ ነበር። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ።

«አፍ የላት፣ በምን ትንገረኝ!» አለ ጊም።

«እውነትህን ነው። አንተ ስትራብ እኮ ወደቡ ሁሉ ይሰማል።»

የቦክ-ሲን የራሱ ሞተር ከጋብቻችን በፊት የገዛት ናት። እናቱ አይወዷትም ነበር። በባሕር እናት በማሶ በዓል ማግስት፣ ሊሞት በወጣበት ጠዋት ማለት ነው፣ ከመቅደሱ ያመጡትን ቢጫ የጥበቃ ወረቀት በሩዝ ሙጫ ታንኩ ክዳን ላይ ለጠፉበት። ዝናብ እንዳያበላሸውም በላስቲክ ፕላስተር ዙሪያውን ከታንኩ ጋር አጣብቀው አሸጉት።

«እማ፣ መብራቱ ላይ ብትለጥፊው ምናለ?» አላቸው እየሳቀ።

«እሳት በጉልበትህ መሐል አቅፈህ እየሄድክ መብራቱ ላይ? እዚሁ ነው። እንዳትቀደው!»

«አልቀደውም።»

ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ሞተሩ እምቢ ብሎት ኖሮ ቦክ-ሲን ወደዚያ ሄደ። አልደረሰም።

እኛ ዘንድ መንገድ ላይ የሞተ ሰው ወገኖቹ ሄደው እስኪጠሩት ድረስ ከሞተበት አይነቃነቅም። ከሰባተኛው ቀን በፊት ይጠራል፤ በየመታጠፊያውና በየድልድዩ ስሙ እየተነገረው ይመራል። አማቴ እማማ፣ «በሌላ ሰው ሞተር አይመጣም። እሷን ነው የሚያውቅ» አሉ። ፖሊስ ግቢ ቆይታ የተመለሰችውን ሞተር ታናሽ ወንድሙ ሃይ ረገጣትና ወዲያው ተነሳች። እኔ ነፍሱ እንድታድርበት የቦክ-ሲንን ሸሚዝ ያሰርሁበትን ቀርከሃ ይዤ ከኋላው ተቀመጥሁ። እማማና ነፍስ ጠሪው በጉ-ሎንግ መኪና ቀድመውን ሄዱ።

ድልድዩ ላይ፣ ባሌ ከወደቀበት ጥቂት እርምጃ ሲቀረን፣ ሞተሯ ሁለት ጊዜ አስላ ጠፋች።

ሃይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እትዬ፣ እኔ ምንም አልነካሁም።»

ደጋግሞ ረገጣት። እምቢ አለች። ነፍስ ጠሪው ቦክ-ሲንን ሦስት ጊዜ በስሙ ጠራና የሟቹን ፈቃድ የሚጠይቅባቸውን ሁለት ግማሽ ጨረቃ መሳይ እንጨቶች ጣላቸው። አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በሆዱ ካልወደቀ እሺታ የለም። ሁለቱም በሆዳቸው ተደፉ። ደግሞ ጣለ፤ ተደፉ።

«አይመጣም» አለ ጠሪው። «አንድ ነገር ይዞታል።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ቀን ክፉ ቃል ተነጋግራችኋል?»

«ኧረ እኔ አልተናገርሁትም፣ እማማ።»

«ታዲያ ልጄ በማን ተቀይሞ ነው?»

ሃይና እኔ ሞተሯን እየገፋን ተመለስን። ሸሚዙ ባዶ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ግን በየመታጠፊያው «ቦክ-ሲን፣ በዚህ ነው» ማለቴን አልተውሁም።

ቤት ስንደርስ ሃይ ፈርቶ ሄደ። እኔ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ከሞተሯ ጋር ቀረሁ። እጄ ሥራ ካልያዘ መቀመጥ አልችልምና መወልወል ጀመርሁ። ታንኩ ጋ ስደርስ የእሱ ቃል መጣብኝ፤ መጀመሪያ ሆዷን። እጄን ወደ ክዳኑ ሰደድሁ። ጣቴ ወረቀቱን ሲነካ ቆምሁ።

መፍቻው ያኔ ትዝ አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሆዷን ሳያይ እሳቷን ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን ለምን በካንዴላው ጀመረ? ክዳኑን ለመክፈት ወረቀቱን መቅደድ ነበረበት። አልቀደውም ብሏል።

የወጥ ቤት ቢላዬን አምጥቼ ፕላስተሩን ሰነጠቅሁት። ታንኩ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ድምፁ ብዙ ያለቀሰ ሰው እንደሚስበው ትንፋሽ ነበር። ያረጀች ሞተር በክዳኗ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ አየር ካላስገባች ቤንዚኑ አይወርድላትም፤ ጥቂት መንገድ ትሄድና ትጠፋለች። ቀዳዳዋ ከቢጫው ወረቀት ሥር ነበረች። ወረቀቱን ቀድጄ አነሳሁና ሞተሯን ረገጥኋት። ወዲያው ተነሳች።

እማማ ከውስጥ በባዶ እግራቸው ሮጠው መጡ። «እሱ ነው? መጣ?»

«አይደለም፣ እማማ። ሞተሯ ናት።»

«ምን ሆና ነው?»

ወረቀቱን በእጄ መዳፍ ውስጥ ጨብጬው ነበር። የልጃቸው የሬሳ ሣጥን ሲዘጋ፣ እናቱን ቀድሞ ስለሞተ በደንባችን መሠረት ሣጥኑን በከዘራ እንዲመቱ ተደርጓል። ሦስቴ ሲመቱት አይቻለሁ።

«ካንዴላው ነው» አልኋቸው።

«አየሽ፣ እሱም ካንዴላው መሆኑን አውቆት ነበር» አሉና እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ወረቀቱስ?»

«ተቀደደ።»

«ሌላ አመጣለሁ።»

አመጡ። መብራቱ ላይ ስለጥፈው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉልኝ።

በማግስቱ እንደገና ሄድን። ሞተሯ ድልድዩን ሳታስል አለፈች፣ ተመልሳም አለፈች። ጠሪው እንጨቶቹን ጣለ። ሁለቱም ተደፉ። እማማ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ «ልጄ፣ ማን ምን አደረገህ? ንገረኝ» እያሉ ብረቱን ይደበድቡ ነበር። እኔ ሸሚዙን አጥብቄ ያዝሁ።

ሰባተኛው ቀን አለፈ። ሞተሯ አሁን በአንድ ረገጣ ትነሳለች። የተቀደደው ወረቀት ከሩዝ ማስቀመጫው ሥር አለ። ለእማማ እውነቱን እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም፤ ቦክ-ሲንም ቤቱ አልገባም።