ወደ አሌክሳንድሪያ፣ የግርማን ለቅሶ ለመድረስ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከጌይተርስበርግ የተነሣሁት ሞቷል ብዬ የመዘገብኩትን ሰው ይቅርታ ልጠይቅ ነው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ መንገድ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ቢኖር አማክረው ነበር፤ አላገኘሁም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ከሠላሳ ዓመት በፊት በግብርና ኮሌጅ ስንማር፣ ብሎክ ሰባት በሚባለው ማደሪያ የምንኖር ልጆች የወንድማማች ማኅበር ነበረን። አዲስ ተማሪ ሲገባ ከነባሮቹ አንዱ ታላቅ ወንድም ይሆነዋል። ማስታወሻውን ያውሰዋል፣ ሲታመም ክሊኒክ ይወስደዋል። ተመርቀን ከተበተንን በኋላ በዲሲ አካባቢ ያለነው ተፈላልገን ማኅበሩን እዚህም ቀጠልነው፤ ቻፕተር እንለዋለን። ሥራችን ትልቅ አይደለም። የታመመ እንጠይቃለን፣ ለቅሶ እንደርሳለን፣ በዓመት አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ተከራይተን አብረን እንበላለን። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ስሜ ታደሰ ሲሆን ሁሉን ነገር ስለምጽፍ ልጆቹ «መዝገቡ» ይሉኛል። የእያንዳንዱ አባል ስልክ፣ አድራሻ፣ የልጆቹ ስም ሳይቀር ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ባለቤቴ አልማዝ «አንተ ያገባኸው ኤክሴልን ነው» ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር በዝርዝሬ እኮራ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ዘውዱ ኮል አደረገኝ። ዘውዱ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አባላችን ነው። ግርማ በቀለ ሞተ ብለኸን አልነበር ወይ ሲለኝ፣ አዎ፣ ነፍሱን ይማረው አልኩት። «ዛሬ ሐበሻ ሱቅ ውስጥ ሽንኩርት ሲመርጥ አየሁት» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዘውዱ ግን ደንግጦ ሰላም እንኳ ሳይለው ወጥቷል። ኋላ ባለሱቁን ጠይቆ፣ ግርማ እዚያው አሌክሳንድሪያ የአበባና የችግኝ መሸጫ እንዳለው ሰምቷል። ግርማ ማለት ኮሌጅ ሳለን ከእኔ አልጋ በላይ የሚተኛ ልጅ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ሰው ቤት መሄድ በተከለከለበት በዚያ የበሽታ ጊዜ፣ «ወንድማችን ግርማ ዐረፈ» ብዬ ለሁሉም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስብሰባ ስሙን ከሟች አባሎቻችን ጋር አነባለሁ፤ ሰዉም ብድግ ብሎ ይጸልይለታል። የዘንድሮው ስብሰባ የፊታችን ቅዳሜ ነው። በምን ዓይኔ ማይክራፎን ፊት እቆማለሁ?

አፈርኩ። ለአልማዝ እንኳ መናገር አቃተኝ፤ እሷም ያኔ አልቅሳለት ነበር። የአዳራሽ ጉዳይ አለኝ ብያት ወጣሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የካውንቲ አውቶቡስ ስነዳ ሳምንቱን ሙሉ በፈረንጅ ሰዓት ስለምሯሯጥ በእረፍት ቀኔ አልደግመውም። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጋሽ ሰይፉ አፓርታማ ደጃፍ ደረስኩ።

ጋሽ ሰይፉ የቻፕተራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ሰባውን አልፈዋል፤ ማኅበሩን ብሎክ ሰባት ውስጥ ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ነገሩን የነገርኩት ለእሳቸው ብቻ ነበር፤ ብቻህን አትሄድም አሉኝ። በግንቦት ሙቀት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። እኔ የኳስ ማሊያ ለብሻለሁ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ቁጥር ጀርባው ላይ ለጥፎ አይሄድም አሉ። ዘጠኝ ቁጥር ነበር።

ከቤታቸው ሥር ካለችው ቁርስ ቤት ገብተን ፉል አዘዝን። ቃሪያው የሚያቃጥል፣ ዳቦው ትኩስ ነበር። ሁለት ፉልና ሁለት ሻይ ሃያ ስድስት ዶላር ሆነ። ጋሽ ሰይፉ ዋጋው በመጡ ቁጥር እንደሚጨምር ለአስተናጋጇ ነገሯትና እኔ እንዳልከፍል እጄን ያዙኝ። ስንበላ ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ መሞቱን በምን አወቅህ? መልእክት መጣ አልኳቸው። ምን ይላል? ሞተ ይላላ። ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ አያምርም፤ ኮሌጅም እንዲህ ዝም ካሉ አንድ ሰው ጥፋቱን ማመኑ አይቀርም ነበር ይባላል።

አራት ሰዓት፣ ክሪስታል ሲቲ

ቀለበት መንገዱ በጥገና ምክንያት ተጨናንቆ ስለነበር ዲሲን በመሐል አቋርጠን ወንዙን ተሻገርን። ድልድዩን እንደጨረስን ጋሽ ሰይፉ ፊታቸውን አጨማደዱና ክሪስታል ሲቲ ጥግ ያዝልኝ አሉ። በዚህ ዕድሜ ሻይ ጠጥቶ ረጅም መንገድ አይቻልም። መጀመሪያ አሜሪካ ሲገቡ እዚያ ባለ አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሠርተዋል፤ ዛሬም በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ አቅፎ አስገባቸው።

ሲመለሱ ጥላ ሥር ካለ አግዳሚ ተቀመጡና መልእክቱን አሳየኝ አሉ። አውሮፕላኖቹ ለማረፍ ከራሳችን በላይ ዝቅ እያሉ ያልፋሉ። ስልኬን አውጥቼ የአምስት ዓመት ጨዋታ ወደ ኋላ ስጎትት አውራ ጣቴ ደከመ። በመጨረሻ አገኘሁት። የላከው ያኔ ከአሌክሳንድሪያ አለፍ ብሎ ባለው በርክ ይኖር የነበረና ኋላ ጠቅልሎ አገር ቤት የገባ አባላችን ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «የግርማ በቀለ ለቅሶ በርክ ነው። በበሽታው ምክንያት ቤት መምጣት ስለማይቻል በያላችሁበት አስቡት።»

ጋሽ ሰይፉ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታደሰ፣ ይሄ ሞተ ይላል?»

«ለቅሶ ይላላ፣ ጋሼ።»

«የማን ለቅሶ?»

«የግርማ።»

«እናትህ ያረፉ ጊዜ እኛ የት ሄድን ነው ያልነው?»

የታደሰ ለቅሶ ሄድን ነው ያሉት። ሰው ሁሉ የታደሰ ለቅሶ፣ የታደሰ ለቅሶ ሲል ከረመ፤ እኔም ሞቼ አልነበረም። ግርማ ሰው ሞቶበት ኖሯል። እኔ አልቃሹን ገድዬ ቀበርኩት። ከሳምንት በኋላ ቤተሰቡን ላጽናና ስልኩ ላይ ደውዬ፣ ቁጥሩ አይሠራም ሲለኝ፣ የሞተ ሰው ስልክ ይዘጋል እንጂ ምን ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር። መልእክቱን ለላከው ልጅ፣ እሱማ ያውቃል ብዬ፣ አልጻፍኩለትም፤ የቻፕተሩም ልጅ ሁሉ መዝገቡ ከጻፈው አይሳሳትም ብሎ አመነኝ።

እስከዚያ ድረስ የፈራሁት መሳቂያ መሆንን ነበር። አግዳሚው ላይ ሆኜ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ ያረፈች ጊዜ ግርማ ከበርክ እየተመላለሰ ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር ሲያነሣ ሲጥል፣ እንግዳ ሲሸኝ ነበር። የእሱ ጊዜ ግን ከብሎክ ሰባት አንድ ሰው እንኳ «እግዚአብሔር ያጥናህ» አላለውም። እኛ እያለን ማንም አላለውም።

ጋሽ ሰይፉ ተነሡ። «በል እንሂድ። አሁን የምንሄደው ይቅርታ ልንጠይቅ አይደለም፤ ለቅሶ ልንደርስ ነው» አሉ።

አምስት ሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ

ባዶ እጅ ለቅሶ አይኬድም ተብሎ መንገዳችን ላይ ካለ ሐበሻ ሱቅ ቆምን። አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦና ሁለት ካርቶን ውኃ ገዛን። ጋሽ ሰይፉ ማሊያዬን አሁንም አልወደዱትም፤ ኮታቸውን አውልቀው አለበሱኝ። እጅጌው ከክንዴ መሐል ቀረ። ቁጥሩ ግን ተሸፈነ።

የግርማ መደብር ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ በእንጨት አጥር የተከበበ ግቢ ነው። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ በትሪ በትሪ ተደርድሯል። አንድ ጥግ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ አለ፤ በእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ ብቻ ስማቸው ተለጥፎባቸዋል። ግርማ ጀርባውን ሰጥቶን በቧንቧ ውኃ ያጠጣል። ጠጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ አቋቋሙ ግን ያው ነው፣ አንድ እግሩን ጣል አድርጎ። በሕይወት መኖሩን ባውቅም ሳየው ድፎውን አጥብቄ አቀፍኩ። ደስታ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዞሮ አየን። ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም። ቧንቧውን ዘጋና እንደ ማንኛውም ገበያተኛ፣ «ምን ልርዳችሁ?» አለን።

ጋሽ ሰይፉ ባርኔጣቸውን አነሡ። «እግዚአብሔር ያጥናህ፣ ልጄ። አልሰማንም ነበር» አሉት።

ግርማ ለእሳቸው ክብር አንገቱን ሰበረ፤ ቀጥሎ ግን ወደ እኔ ዞረ። «ሰምታችኋል። የላከላችሁ ልጅ መልእክቱ እንደደረሳችሁ ነግሮኛል። መምጣት ባይቻል ስልክ ነበር።»

ድፎውን እንደታቀፍኩ ቆምኩ። በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። «የሞትክ አንተ መስለኸኝ ነው» አልኩት። «የግርማ ለቅሶ ሲል አንተ ሞተህ መሰለኝ። ለሁሉም ጻፍኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ስምህን ከሙታን ጋር አነበብኩ።»

ዞሮ ጋሽ ሰይፉን አያቸው። እሳቸውም እውነቴን መሆኑን ራሳቸውን ነቅንቀው መሰከሩልኝ። ከዚያ ግርማ አንድ የተገለበጠ የአበባ ማሰሮ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ሳቀ፤ ሲስቅ ሲስቅ ቆይቶ ዕንባው መጣ፤ ዕንባው ግን ከሳቁ ጋር አላቆመም። እኔም አላስቻለኝም።

በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚለውን ሰቀለ። ሦስታችንም ካርቶንና ማሰሮ ላይ ተቀመጥን፣ ድፎው ተቆረሰ፣ ለቅሶ ተቀመጥን። የሞቱት አባቱ ናቸው። አውሮፕላን ቆሞ ስለነበር አገር ቤት ገብቶ መቅበር አልቻለም፤ ቀብሩን በስልክ ነው ያየው። ሰው ቤት ባይገባም ደጅ ይቆማል ብሎ በርክ ያለው ቤቱ በረንዳ ላይ ስድስት ወንበር አራርቆ ደርድሮ ነበር። የተቀመጠበት አንድ ፈረንጅ ጎረቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም ለምን እንደተደረደረ አልገባውም። በአራተኛው ቀን ወንበሩን አስገባ። ስልክ ቁጥሩንም የቀየረው ያን ሰሞን ነው፤ ለካ ይኼ ሁሉ ወንድምነት ስም ብቻ ነበር ብሎ።

የአባቱን ነገር ጠየቅነው፤ ለቅሶ ላይ እንደሚጠየቀው፣ እንዴት እንደታመሙ፣ ማን እንዳስታመማቸው፣ ዕድሜያቸውን። መናገር የጠማው ሰው ነበር። ቲማቲም ፈልገው የመጡ ሰዎች ከአጥሩ በላይ አይተውን ይመለሳሉ። ሰዓት አልቆጠርኩም።

ኋላ ላይ ግርማ ፊቱን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ። «ስሞት ምን አልክ?»

«እህ?»

«ስሜን ስታነብ ዝም ብለህ አታነብም፤ አውቅሃለሁ። ምን ብለህ ጻፍክ?»

ነገርኩት። አንደኛ ዓመት ወባ ጥሎኝ ወር ሙሉ ክፍል ሳልገባ፣ እሱ ከደብተሩ ቅጠል ሥር የካርቦን ወረቀት እያደረገ በአንድ ጊዜ ለሁለታችን ይጽፍ እንደነበር፤ ጣቱ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ። ያ ካርቦን ባይኖር ኖሮ ተባርሬ ቤቴ እገባ እንደነበርና ዛሬ ያለኝን ሁሉ የእሱ ጣት ውለታ አድርጌ እንደምቆጥር። አዳራሹ ውስጥ ይህን ሳነብ ሰው አልቅሶ ነበር።

ግርማ ጣቶቹን አያቸው፤ አፈር ነበረባቸው።

«ይህን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንዲህ የሚባልልኝ ከሆነስ አምስት ዓመት ቀድሜ መሞቴ አልከፋም» አለና ትከሻዬን መታኝ። ለቅዳሜው ስብሰባ እመጣለሁ አለ፤ ስሜን እንደ ልማድህ ከሙታን ጋር አንብበውና ከኋላ ሆኜ «አቤት» ልበል ሲል፣ ጋሽ ሰይፉ ግማሹ አባል የልብ መድኃኒት እንደሚወስድ አስታውሰው ከለከሉት።

ስምንት ሰዓት፣ መመለስ

የመልሱን በቀለበት መንገዱ፣ በትልቁ ድልድይ ሄድን፤ መንገዱ ተከፍቷል፣ ወንዙ ላይ ጀልባዎች ነበሩ። ጋሽ ሰይፉ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ አንቀላፉ፤ ሲወርዱ ኮታቸውን ተቀበሉኝና እጅጌው መስፋቱን ነገሩኝ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ጌይተርስበርግ ገባሁ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ የግርማን ስም ከሙታን ወደ ሕያዋን መለስኩት፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ሌሎቹን ስሞች አየሁ። የስንቱን አድራሻ አውቃለሁ፣ የስንቱን ልጅ ስም አውቃለሁ፤ ባለፈው ዓመት ድምፁን የሰማሁት ግን ጥቂቱን ነው። መዝግቤ ስለያዝኳቸው የጠየቅኋቸው ይመስለኝ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። ግርማ ነው፤ በሰላም ገባህ ወይ ሊል። ገባሁ አልኩት፤ ተሰነባበትን።

አልማዝ ከወጥ ቤት ማን ነው አለችኝ። ግርማ በቀለ አልኳት። ድስቱን ትታ መጣች። ወንበር ስቤላት ሁሉንም ነገርኳት፤ ማሊያውን፣ አግዳሚውን፣ ስድስቱን ወንበር። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ነገር አታልፍልኝም። እሷ ግን እጇን በፎጣ አደረቀችና ስልኩን ከእጄ ወስዳ መልሳ ደወለች።

«ግርማ፣ አልማዝ ነኝ» አለችው። «እግዚአብሔር ያጥናህ። ስንት ዓመታቸው ነበር አባባ?»