ገና እየተነሳ ነው

ቤታችን የነበረው ኮምፒዩተር ለመነሳት የሚፈጅበትን ጊዜ በሰዓት ለክቼው አላውቅም። እናቴ ግን በሥራ ትለካው ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ቁልፉን ትጫንና ጓዳ ትገባለች፤ ጎመኑን ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ ከትፋ ስትመለስ ያቺ የመነሻ መስመር ገና ስክሪኑ ላይ እየተንፏቀቀች ትጠብቃታለች። "ይሄ ነገር ዛሬስ ነፍሱ ልትወጣ ነው" ትላለች። እኔ በንዴት ጥፍሬን እበላለሁ። ትዕግሥት ሲታደል የት ሄጄ እንደነበር እንጃ።

ኮምፒዩተሩን የገዛው ታላቅ ወንድሜ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ሲል አዲስ አበባ ወርዶ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛና በሚኒባስ ጭኖ ሆሳዕና ድረስ አመጣው። በዚያን ጊዜ ከኛ ሰፈር ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነበር። እናቴ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ ፊደል አትለይም። ስለዚህ ወንድሜ የቪዲዮ መደወያውን ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ሲበራ በራሱ እንዲከፈት አደረገላት። "እማ፣ አንቺ ይቺን ቁልፍ ብቻ ተጫኚ፤ ከዚያ እኔ ራሴ እመጣልሻለሁ" አላት።

እውነትም ይመጣላት ነበር። እሁድ እሁድ ከሱቁ ይደውላል፤ ከጀርባው ሳሙናና ዱቄት የተደረደረበት መደርደሪያ ይታያል። አብሮት የሚኖረው፣ ከሞርሲቶ ከተማ የሄደው ልጅ በትከሻው በኩል ብቅ ብሎ እጁን ያውለበልባል። እናቴ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ትጀምራለች፤ "ከስተሃል!" በሳምንቱ መሃል በአባቴ ሞባይል ቢደውልም እሷ ያንን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። "ድምፅ ይዋሻል። እኔ ፊቱን ካላየሁ አላምንም" ትላለች በሀዲይኛ፣ ጣቷን ወደ ስክሪኑ ቀስራ።

ኮምፒዩተሩ ከዓመት ዓመት እየባሰበት ሄደ። እናቴ ደግሞ እንደ ቴሌቪዥኑና እንደ ሬድዮኑ ሁሉ ለእሱም ዳንቴል ሠርታለታለች፤ አቧራ እንዳይገባው በሥራ ላይ እያለ እንኳ አትገልጥለትም። ሲነኩት እንደ ምድጃ ያቃጥላል። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ያቃስታል። "እማዬ፣ እየታፈነ ነው!" ስላት "አንቺ ደግሞ! ዕቃ ተራቁቶ ይቀመጣል እንዴ?" ትለኛለች።

አንድ ክረምት ሊወጣ ሲል ወንድሜ እሁድ ሳይመጣ ቀረ። በሚቀጥለው እሁድም ቀረ። እናቴ ነጠላዋን እንደለበሰች ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ አመሸች። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና "ልጁማ ይደውላል፤ በሞባይሌ ነግሮኛል። የኛ ማሽን እስኪነሳ ጠብቆ ጠብቆ ይዘጋዋል። ሱቅ ውስጥ ነው ያለው፣ ሥራ አለበት" አላት። ሰውዬው ውሸት አያውቅም፤ ስለዚህ እሷም አመነችው፣ እኔም አመንኩት። ንዴቴ ሁሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ወረደ።

ግን አንድ ነገር ነበር። በኛ ከተማ ልጁ ደቡብ አፍሪካ ያለ ሰው መንገድ ላይ ሲገኝ ከጤናው ቀጥሎ የሚጠየቀው ስለ ልጁ ነው። "ልጁስ? ደወለ?" ይባላል። እናቴ ገበያ ሄዳ ለመመለስ ለስንቱ ሰው እንደምትመልስ እሷና ጌታ ያውቃሉ። በዚያን ሰሞን መጠየቁ ቆመ። ጎረቤታችን ማር ይዛ መጣች፣ ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ ድንች አወራች፣ ስለ ወንድሜ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች። ጸሐፊ ሆኜ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል፤ ሻይ ይታዘዝልኛል። "ምን አድርጌያቸው ነው?" እያልኩ በልቤ እነጫነጫለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው።

ያን ሳምንት ከሥራ እየመጣሁ ኮምፒዩተሩ ላይ ተተከልኩ። ሲነሳ አብሮት የሚነሳው ጉድ ብዛቱ! እርስ በርሱ የሚጣላ ሁለት አንቲቫይረስ፣ የሌለን ፕሪንተር ፕሮግራም፣ ማን እንደጫነው የማይታወቅ ጨዋታ። አንድ በአንድ ከለከልኳቸው። ትንሽ ቀለል አለው። አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

"ተይው እባክሽ" አለኝ።

"ለምን እተወዋለሁ? እናቴ እኮ ልጇን ማየት አቃታት!"

"የሚሠራ ነገር አይነካካም። እንዳለ ይሁን።"

ገረመኝ። ዕድሜውን ሙሉ በደወል የኖረ፣ የዘገየ ተማሪ በር ላይ የሚያንበረክክ ሰው ነው። ለሰው ልጅ ያላዘነ ለኮምፒዩተር አዘነ ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ቆይቶ "ካልሽም ዱራሜ ከተማ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው አለ፤ ለሱ እንስጠው" አለ። ይህን ሰምቼ ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቅዳሜ ሲፒዩውን ጭኔ ላይ አቅፌ በሚኒባስ ዱራሜ ሄድኩ። ጠጋኙ ከንባታ ነው፤ ጠና ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው። ማን መሆኔን ስነግረው ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

"አስቀምጪው። ሁለት ሳምንት ይፈጃል" አለኝ ሳይከፍተው።

"ሳታየው?"

"አባትሽ ደውለውልኛል፣ እህቴ። አይቸኩል ብለውኛል።"

ደሜ ፈላ። "ነገ እሁድ ነው! እናቴ ሁለት እሁድ ሙሉ ወንድሜን አላየችም፣ አንተ አይቸኩል ትላለህ? ካልሠራኸው ተሸክሜው እመለሳለሁ!" ጮኼ ነው የተናገርኩት፤ ከደጅ ያለፉ ሰዎች ዞር አሉ። እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ መፍቻውን አነሳ።

ክዳኑን ሲከፍተው ማራገቢያው በዳንቴል ክርና በቀይ አቧራ ታፍኖ ነበር። በብሩሽ ጠረገው፣ እፍ አለበት። ሜሞሪ ጨመረበት። ቀሪዎቹን ፕሮግራሞች እያሳየ "ይሄ ይቅር?" ሲለኝ "ከመደወያው በስተቀር ሁሉም ይቅር" አልኩት። እጁ ለአፍታ ቆመ። ቢሆንም እንዳልኩት አደረገ። ሲያበራው ወዲያው ተነሳ! እኔ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ስንት ነው ስለው ገንዘብ አልቀበልም አለኝ። እስከ መኪናው ተሸክሞልኝ መጣና "ጌታ ያበርታችሁ" አለኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ቃሉ ትዝ አለኝ። ጌታ ያበርታችሁ የሚባለው ለሐዘንተኛ ነው። ለኮምፒዩተር ይባላል እንዴ? ምናልባት ለጩኸቴ ነው አልኩ። የያዝኩትን ዕቃ አጥብቄ አቀፍኩትና ሌላ ነገር ላለማሰብ ከዱራሜ እስከ ሆሳዕና በመስኮት ዛፍ ስቆጥር መጣሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስብሰባ አለብኝ ብሎ ቀረ። እናቴ ፀጉሯን አበጠረች፣ አዲሱን ሻሽ አሰረች። መብራት አለ። "በይ ተጫኚው" አልኳት በኩራት። ተጫነች። እንደ ልማዷ ወደ ጓዳ ልትነሳ ስትል እጇን ያዝኩ፤ "ዛሬ ጎመን የለም፤ ተቀመጪ!" ተቀምጣ ነጠላዋን ሳታስተካክል ስክሪኑ በራ፤ መደወያው በራሱ ተከፈተ። "እሰይ፣ ልጄ!" ብላ ጉልበቴን መታችኝ።

ፊቱ ግን አልመጣም። የመጣው ጽሑፍ ነው፤ ከሞርሲቶው ልጅ ለአባቴ።

"ጋሼ፣ ስልክዎ እምቢ ስላለኝ ነው። አስከሬኑ ረቡዕ ጠዋት ቦሌ ይገባል። ለእናት ተነገራቸው ወይስ ገና ነው?"

ደግሜ አነበብኩት። ያ ማር፣ ያ ሻይ፣ ያ የአባቴ ተይው፣ የዱራሜው ሰውዬ የደፋው አንገት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። መርዶ በኛ አገር እንዲህ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ በንጋት ይመጣል፣ እናትን የሚደግፍ ሰው በዙሪያዋ ይቆማል፤ እናቴ ደግሞ ደም ብዛት ያለባት ሴት ናት። አባቴ ጊዜ ያገኘው ከዚያ ከሚያቃስት ኮምፒዩተር ነበር። ለኔ ያልነገረኝ ፊቴ ነገር ስለማይሸሽግ ነው። አሁን ያ ፊቴ ከእናቴ ፊት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

እናቴ ፊደሎቹን አየቻቸው። "ምን ይላል?" አለችኝ።

መጮህ ፈለግሁ። ወንድሜን በስሙ ልጠራው ፈለግሁ። ምላሴን ነከስኩና "ገና እየተነሳ ነው፣ እማዬ" አልኳት።

"ዛሬ ይፈጥናል ብለሽኝ አልነበር?"

"አርጅቷል። ምን ይደረግ።"

እጄን እጇ ላይ ያደረገችው እኔን ልታጽናና ነው። "አይዞሽ፣ እንጠብቀዋለን" አለች። ጽሑፉ ፊታችን ተገትሮ፣ እሷ ፊቱን ስትጠብቅ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥን። አባቴ ከስብሰባው ሲመለስ ከበሩ ላይ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ባርኔጣውን አውልቆ መጣና በእናቴ በሌላው ጎን ተቀመጠ። መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ማናችንም አልተነሳንም። ሲጠፋ እናቴ ዳንቴሉን አነሳችና እጥፋቱን እያስተካከለች ኮምፒዩተሩን ሸፈነችው።

ሰኞ ሊነጋ ሲል ሽማግሌዎቹ መጡ። ግቢው በነጭ ነጠላ ተሞላ። እናቴ በሩን ከፍታ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት። አልጮኸችም፣ ገና ነበር። ዞራ እኔን ፈለገችኝ።

"ኮምፒዩተሩ ትናንት ሠርቶ ነበር አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።