ሳንቃው ሲጎብጥ

አናጢዋ ወንበር የምትጠግነው ሳሎኗ ውስጥ ስለነበር ልጆቿ የሚበሉት በእንጨት ፍቅፋቂ መሃል ነበር። በመጨረሻ ጓሮዋ ውስጥ ወርክሾፕ ልትሠራ ቆረጠች። ወለሉን ቆፍራ፣ ጠጠር ጠቅጥቃ፣ ዙሪያውን በሳንቃ አጠረችና ኮንክሪቱን ብቻዋን መሙላት ጀመረች። ከታላቅ ወንድሟ ጋር አጥር ብቻ ቢለያቸውም፣ የአባታቸውን ጓሮ ከተካፈሉ ወዲህ ዓይንሽን ላፈር ብሏታል።

ልትጨርስ ስትል አንዱ ሳንቃ ቋ ብሎ ወደ ውጭ ጎበጠ። እርጥቡ ኮንክሪት መንሸራተት ሲጀምር ዘላ በትከሻዋ ደገፈችው። ብትለቀው ሁሉም ይፈሳል፤ ካልለቀቀችው ደግሞ ሳንቃውን የምትደግፍበት ካስማና መዶሻ ጋ አትደርስም። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ጮኸች።

«ወንድም ጋሼ! ድረስልኝ!»

አጥሩ ተንቋቋና ወንድሟ በነጠላ ጫማው ዘሎ ወረደ።

«እንዳትለቂ! ካስማው የት ነው?»

«እግርህ ሥር!»

ካስማዎቹን አከታትሎ ቸነከረ። ሳንቃው ቀጥ ሲል እሷ እዚያው ጭቃው ላይ ዘፍ አለች። ትከሻዋ ተልጧል።

«ብቻሽን ይሄን ጀመርሽ? እብድ!» አላት፣ ላቡን እየጠረገ። ከዚያ ኮንክሪቱን የሚደለድሉበትን ረጅም እንጨት አንድ ጫፍ ያዘ።

«በይ ተነሺ፣ ሳይደርቅብን።»