የዚያኛዋ ልጄ ክርስትና ስም

ልጄ የምትጽፈው ስለማይታዩ ዓለማት ነው። ከዚህ ዓለም ጎን ሌላ ዓለም አለ፣ ከሱም ጎን ሌላ፤ በሁሉም ውስጥ እኛው አለን፣ ኑሯችን ብቻ ይለያያል ትላለች። በአንደኛው ካዛንቺስ አልፈረሰም፤ እኔም እዚያው የድሮ ግቢያችን ልብስ አሰጣለሁ። ይኼን ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ጎረቤቶቼም እዚያ አሉ ማለት ነው። እኛ አሁን ቂርቆስ በኪራይ ነን።

አንድ ቀን ግን ምስር ስለቅም አዲሱን ታሪኳን አነበበችልኝ። ባለታሪኳ ራሷ ናት። ሕፃን ሆና ሳንባ ምች ይይዛታል። በዚህኛው ዓለም ትድናለች፣ በዚያኛው ትሞታለች። የዚያኛዋ እናት በር አግኝታ ልጇን ፍለጋ ወደኛ ትመጣለች።

ሰፌዱ ከእጄ ተንሸራቶ ምስሩ ተበተነ። ያንን ሳንባ ምች እኮ አውቀዋለሁ። ትንፋሿ ሲያጥር አዝዬ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

«በቁምሽ በራስሽ ላይ ታሟርቻለሽ?» አልኳት።

«እማ፣ ሳይንስ ፊክሽን ነው በቃ። ማለቴ፣ እሷ ካልሞተች በሩ አይከፈትም።»

«አይከፈታ፤ ማን ክፈቺው አለሽ?»

ሳቀች። ቅዳሜ ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ሰው ፊት ልታነበው ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ከወጣ ይደርሳል ብዬ እፈራለሁ።

የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ ልጄን በጸሎት ያስቡልኝ አልኳቸው። እንደ ወጉ ክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። ነገርኳቸውና የሌላኛዋም ያው ነው ብዬ ጨመርኩ። ሌላ ልጅ መቼ ወለድሽ አሉኝ። እንደገባኝ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ሁለቴ እጠራታለሁ፣ እግዚአብሔር ይለያቸዋል አሉኝ።

ይኼን ለልጄ ስነግራት አልሳቀችም።

«ለዚያኛዋም አስጸለይሽላት?»

«ታዲያ እናቷ እዚህ መጥታ ስትንከራተት ማን ያስጸልይላት?»

ቅዳሜ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ሳንባ ምቹ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ፈለገችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በቃሏ ቀጠለች። በዚያኛው ዓለም ልጅቷ አሳላት፣ ዓይኗን ገለጠች፣ ውሃ አምጡልኝ አለች። በሩም ሳይከፈት ታሪኩ አለቀ።

ሰዎቹ የቀረ ነገር ያለ መስሏቸው ይጠብቃሉ። እኔ ብቻ አጨበጨብኩ።