«ዘመቻ»ን የተረጎምኩ ዕለት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳን ነግሬ አላውቅም። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰው ማማቴን፣ መጠጥ ማብዛቴን ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አለ እንጂ! እንዴት አይኖር? ዛሬ ለማላውቅህ ለአንተ ለአንባቢው ልናገረው፤ ቢያንስ ፊትህን አላይም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሐዋሳን አዋሳ እንላት ነበር። እኔ ታቦር ተራራ ሥር ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚያው ስለወለዱኝ፣ ሲዳምኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስራገጥ ለቃቅሜያለሁ። ለቃቅሜያለሁ የምለው ዛሬ ነው። ያኔማ «እንደ ውኃ ነው የምጠጣው» እያልኩ በመምህራን ክፍል እኩራራ ነበር። ስለዚህ የትምህርት ማሻሻያው ዕቅድ ለወላጆች ይነገር ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ፣ ርዕሰ መምህሩ ሌላ አስተርጓሚ አልፈለጉም። እኔም እምቢ አላልኩም። ለምን እላለሁ? ደስ ብሎኝ ሸሚዝ ተኩሼ ነው የሄድኩት።

ዕቅዱ ክፉ አልነበረም። ከመስከረም ጀምሮ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን በትምህርት ቤቱ ጓሮ እርሻና የእጅ ሙያ ይለማመዳሉ። ይኸው ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሁሉ ነገር ዘመቻ ነበር፤ ፊደል ማስቆጠር ዘመቻ፣ ችግኝ መትከል ዘመቻ፣ ቦይ መጥረግ ሳይቀር ዘመቻ። ዕቅዱን ሊያስረዳ የመጣው ጓድም ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ልጆቻችሁ ለምርት ዘመቻ ይዘምታሉ!» አለ።

እኔ «ዘመቻ»ን በሲዳምኛ ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። «ሥራ» ብል ይበቃ ነበር። ጓዱን «ይቅርታ፣ ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅም ይቻል ነበር። እኔ ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ አላዋቂ መምሰል ፈራሁና አፌ ላይ የመጣውን ቃል ወረወርኩት። ጦርነት አልኩ። ልጆቻችሁ ወደ ጦርነት ይሄዳሉ አልኩ። «ምርት» የሚለውንማ ጭራሽ ዘለልኩት።

አዳራሹ ጭጭ አለ። ጓዱ ጸጥታውን ወዶት ፈገግ አለ። ከዚያ ከኋላ ወይዘሮ ዳራሜ ተነሡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገበያ ቆጮ እየሸጡ ልጃቸውን የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው አስቴር የእኔ ተማሪ ነበረች፤ ስድስተኛን ጨርሳለች፣ ነርስ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። «ሴቶቹም?» ብለው በሲዳምኛ ጠየቁ። ተረጎምኩለት። ጓዱ ደረቱን ነፍቶ፣ «እንዴታ! በአብዮታችን ሴትና ወንድ እኩል ነው!» አለ።

«አዎ፣ ሴቶቹም» አልኳቸው።

ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው። ፊታቸውን አይቼ ነው የገባኝ።  ተሳስቻለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። በዚያ ዘመን የመንግሥትን ዕቅድ በሕዝብ ፊት አጣሞ መናገር አሻጥር ይባላል፤ በአሻጥር የተወሰደ ሰው ደግሞ የት ደረሰ ተብሎ አይጠየቅም። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ይህን ሰበብ ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርኩት! ግን ክረምቱን ሙሉ ጓዱ አጠገቤ ነበር እንዴ? ወይዘሮ ዳራሜ ቤት እንዳልሄድ ማን አገደኝ? እኔው ነኝ። «አስተማሪው ለካ ሲዳምኛ አይችልም» እንዳይባል ነው።

አንድ ቀን ጨክኜ ሄድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ያገባች ሴት አትዘምትም የሚል ወሬ በሰፈሩ ተነዝቶ ስለነበር፣ አስቴርን ለአንድ የገጠር ሰው ሊድሯት ነው። አሁን ልግባ፣ አሁን ልናገር እያልኩ ቆምኩ።  ውሻው ሲጮህብኝ ሰበብ አገኘሁና ተመለስኩ። ውሻ ፈርቼ ነው እንዳልል፣ የታሰረ ነበር።

በመስከረም ልጆቹ ዘመቱ፤ ጎመን መደብ ላይ። ልጆቹ ጓሮው ውስጥ ሲኮተኩቱ ያዩ ወላጆች፣ እየሳቁ ቤት ያስቀሯቸውን መልሰው ላኩ። አስቴር አልተመለሰችም።

ከዓመታት በኋላ እውነተኛው ውትድርና መጣ፤ የስንቱ ልጅ ታፈሰ። በዚያ ሰሞን ወይዘሮ ዳራሜ ገበያ ውስጥ አገኙኝ። አስቴር ሕፃን አዝላ ከጎናቸው ቆማለች። ሴትዮዋ እጄን ለቀም አድርገው ሳሙት።

«ልጄ፣ አንተ ያኔ ባትነግረን ይቺን ጦር በልቷት ነበር። እግዜር ይባርክህ! እሷማ ‹አስተማሪው ተሳስቶ ነው እማዬ፣ ሥራ ነው የተባለው› እያለች ስታለቅስብኝ ከረመች። ከአስተማሪሽ ልትበልጪ ነው ወይ ብዬ ዝም አሰኘኋት።»

 አስቴር አፌን አፌን ታየኝ ነበር። እንድናገር እየጠበቀች ነበር። የሚፈለገው አንድ ቃል ነው፤ እሱንም በሁለቱም ቋንቋ አሳምሬ አውቀው ነበር።

«አሜን» አልኩ። ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ሲሰጡኝም ተቀበልኩ። ቤቴ ገብቼ በላሁት።

አንባቢ ሆይ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ወይዘሮ ዳራሜ እየመረቁኝ ሞቱ። አስቴር ግን ከሐዋሳ ምሥራቅ በኩል ትኖራለች ይላሉ። ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝና፣ ይህ እጇ ይገባ ይሆናል። ልክ ነበርሽ አስቴር። ሥራ ነው የተባለው።